ኤቢኤስ ያለው ሞተር ልግዛ ወይስ የሌለው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለጥቂት ዓመታት 150 ሲሲ ሞተር ስነዳ ቆይቻለሁ። አሁን ወደ 650 ሲሲ ኔክድ (ነፋስ መከላከያ ፕላስቲክ የሌለው) ሞተር ከፍ ልል ነው። ሞዴላቸው አንድ የሆነ ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች አግኝቻለሁ። አንዱ ኤቢኤስ አለው፣ ግን ብዙ ተነድቷል። ሌላው ኤቢኤስ የለውም፣ ግን ንጹህ ነው፣ ዋጋውም ቅናሽ አለው። የቆዩ ነጂዎች ኤቢኤስ ፍሬን መያዝ ለማይችል ሰው ነው፣ ሞተሩም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል ይሉኛል። እኔ እስካሁን ባብዛኛው የኋላውን ፍሬን ነው የምጠቀመው። የቱን ልግዛ? የሌለውን ገዝቼ በኋላ ማስገጠምስ ይቻላል?»

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድም። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ያለውን ግዛ። ምክንያቱን ግን ረዘም አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱ ካልገባህ መሣሪያው ብዙም አይጠቅምህም። ከጥያቄህ ሁሉ ያሳሰበኝ ደግሞ ስለ ኋላ ፍሬን ያልካት ነገር ናት። ከእሷ እንጀምር።

ፍሬን ስትይዝ የሞተሩም የአንተም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ሾኩ ወደ ታች ይሰምጣል። የፊት ጎማው አስፋልቱን አጥብቆ ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል። ጎማ መንገድ የሚቆነጥጠው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ስለዚህ ፍሬኑን ይበልጥ ባጠበቅክ ቁጥር የማቆሙ ሥራ ወደ ፊት ጎማ ይዛወራል። በጣም ስታጠብቅማ የኋላ ጎማው መሬት ሊለቅ ይደርሳል፤ ያኔ የኋላ ፍሬን አለ የሚባለው ለስሙ ነው። በ650 ሲሲዎቹ ላይ ከፊት ሁለት ትልልቅ ዲስክ፣ ከኋላ አንድ ትንሽ ዲስክ የሚገጠመው ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ነው እንበል፣ አስፋልቱም ደረቅ ነው። ሁለቱንም ፍሬን በደንብ የሚይዝ ሰው ፍሬኑ መያዝ ከጀመረ በ20 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው 40 ሜትር ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ልዩነት በሜትር ብቻ አትመልከተው። የመጀመሪያው ሰው ቆሞ እግሩን መሬት ባሳረፈበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ነው። እዚያ ቦታ ላይ መኪና ቆሞ ከሆነ የሚጋጨው በዚያ ፍጥነት ነው። በዚህ ላይ አደጋውን አይተህ እጅህ እስኪታዘዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅብህ፣ ፍሬን ሳትነካ 17 ሜትር ያህል ተጉዘሃል።

በ150 ሲሲ የኋላ ፍሬን ልማድ ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሞተሩም ቀላል ነው። 650ው ግን 190 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ለመግባት አራት ሴኮንድ አካባቢ ይበቃዋል። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የድሮው ልማድህ እዚህ ሞተር ላይ አብሮህ እንዲመጣ አልፈልግም።

ሰው የፊት ፍሬኑን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። «ከፊት ከያዝክ ይገለብጥሃል» የሚለውን ምክር ያልሰማ ነጂ የለም። ምክሩ የመጣው ከእውነተኛ ውድቀቶች ነው። የአብዛኞቹ ውድቀቶች መንስኤ ግን ፍሬኑን መጠቀም ሳይሆን ድንገት መጨበጥ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁን ይጨብጣል። ክብደቱ ወደ ፊት ሳይመጣ፣ ጎማው በደንብ ሳይጫን፣ ፍሬኑ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። ጎማው ይቆለፋል። መሽከርከር ያቆመ የፊት ጎማ ደግሞ መሪን አይታዘዝም፣ ሞተሩንም ቀጥ አድርጎ መያዝ አይችልም። ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጎማው ወደ ጎን ይሸሽና ነጂው መሬት ላይ ነው። ፍሬኑን ቶሎ ከለቀቀ ይተርፋል፤ በድንጋጤ የጨበጠ እጅ ግን ቶሎ አይለቅም።

ኤቢኤስ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው።

አሠራሩን ከቅርብ ላሳይህ። ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብለህ የፊት ዲስኩን መሃል ብታይ፣ ዙሪያውን ስንጥቅ ስንጥቅ ያለበት ቀጭን የብረት ቀለበት ታገኛለህ። ከቀለበቱ ጎን በጣም ተጠግታ አንዲት ትንሽ ሴንሰር አለች፣ ከጀርባዋ ሽቦ የወጣላት። ጎማው ሲዞር ሴንሰሯ የስንጥቆቹን ማለፍ ትቆጥራለች። የኋላውም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ከሁለቱ የሚደርሰውን ቆጠራ ሳያቋርጥ ያነጻጽራል። አንደኛው ጎማ ሞተሩ ራሱ ሊቀንስ ከሚችለው በላይ በድንገት ከቀነሰ፣ ሊቆለፍ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ከእጅህ የሚመጣውን የፍሬን ዘይት ግፊት አንድ ቫልቭ ይዘጋል፣ ሌላው ቫልቭ ደግሞ ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ላይ ያለውን ግፊት ያስተነፍሳል። ጎማው እንደገና መሽከርከር ሲጀምር ግፊቱ ይመለሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አንተ የሚሰማህ በእጅህ በምትይዘው የፍሬን ሊቨር ላይ ትር ትር የሚል ምት ነው።

ጎማ መንገድን አጥብቆ የሚይዘው ሙሉ ለሙሉ በነጻነት ሲሽከርከርም፣ ተቆልፎ ሲንሸራተትም አይደለም። በመካከል ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ሲሽከርከር ነው። ጎማውን እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ በእጅ ስሜት ማቆየት የሚችሉ ነጂዎች አሉ። ግን የሚችሉት ሲዘጋጁ፣ የሚያውቁት መንገድ ላይ፣ ጎማው ሞቆ ሳለ ነው። ከቆመ መኪና ጀርባ ሕጻን ብቅ ሲል፣ መንገዱም እርጥብ ሲሆን፣ ያንን በእጁ አስተካክዬ እይዛለሁ የሚል ሰው በራሱ ላይ ከባድ ዕዳ እየተሸከመ ነው።

የቆዩት ነጂዎች የሚሉህን ግን አልንቀውም፤ ከፊሉ እውነት ነው። ለሞተር ሳይክል የኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስን ቀድሞ ለገበያ ያቀረበው ቢኤምደብሊው ነው፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በኬ100 ሞዴሉ ላይ። ያ መሣሪያ 11 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ግፊቱን የሚለቀውና የሚመልሰውም በዝግታ ስለነበር ነጂው ሞተሩ ሲንገጫገጭ ይሰማው ነበር። በዚያ ዘመን የተፈጠረ ጥላቻ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። የዛሬው መሣሪያ አንድ ኪሎ ግራም እንኳን አይሞላም፣ ፍጥነቱም ከድሮው ጋር አይወዳደርም።

ልቅ ጠጠርና ኮረኮንች ላይ ደግሞ እውነታቸውን ነው። የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠር እየከመረ ራሱን ያቆማል፤ የሚሽከረከር ጎማ ግን በላዩ ይንከባለላል። ስለዚህ እዚያ ኤቢኤስ መቆሚያ ርቀትህን ያረዝማል። ጉድጓድ ያለበት አስፋልት ላይም ጎማው ነጥሮ ለቅጽበት አየር ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ተቆለፈ ብሎ ግፊቱን ይለቃል። ፍሬንህ የጠፋ ይመስልሃል፤ ወዲያው ግን ይመለሳል። እንደ ኬቲኤም 390 ዱክ ያሉት የኋላውን ኤቢኤስ ብቻ የሚያጠፋ ሱፐርሞቶ የሚባል ምርጫ አላቸው። አብዛኞቹ መካከለኛ ኔክዶች ግን ማጥፊያ የላቸውም። እኔም እንዲኖራቸው አልመኝም፤ እነዚህ የአስፋልት ሞተሮች ናቸው። ኮረኮንች ሲገጥምህ ፍጥነትህን ቀድመህ ቀንስ፣ ከፊትህ ያለውንም ርቀት አስፋ።

በአስፋልት ላይ ያለው ውጤት ግን ብዙ የሚያከራክር አይደለም። የአሜሪካው የሀይዌይ ደህንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ኤቢኤስ ያላቸውንና የሌላቸውን ተመሳሳይ ሞዴሎች አነጻጽሮ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ኤቢኤስ ያላቸው ለሞት በሚያበቃ አደጋ ውስጥ የመግባታቸው መጠን በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በዚህ መጠን ላሉ ሁሉም አዲስ ሞተሮች ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። ሕንድም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑት ሁሉ ላይ ትጠይቃለች።

ኤቢኤስ የማያደርገውን ደግሞ እወቀው። በአንተና ከፊትህ ባለው መኪና መካከል ርቀት አይጨምርልህም። ያለቀ ጎማንም አያድስም። ከሁሉ በላይ፣ ተራው ኤቢኤስ ሞተሩ ወደ ጎን ማዘንበሉን አያውቅም። ጥምዝ ላይ ተጋድመህ ፍሬን ብትጨብጥ፣ ጎማው አቅሙን ለመታጠፍ እየተጠቀመበት ስለሆነ ለማቆም የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ኤቢኤሱ ሳይደርስልህ ልትወድቅ ትችላለህ። ማዘንበሉን የሚለካው ዓይነት በ2014 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ የኬቲኤም 1190 አድቬንቸር ላይ መጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎችም ወርዷል። ያገለገሉ 650ዎች ላይ ግን አትጠብቀው። ፍጥነትህን ጥምዙ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ጨርስ። ጥምዝ መካከል ድንገት መቆም ካለብህ፣ ቦታ እስካለህ ድረስ መጀመሪያ ሞተሩን ቀጥ አድርግ፣ ከዚያ ያዝ።

አሁን ወደ እጅህ እንምጣ። ኤቢኤስ ያለውን ገዝተህ የኋላ ፍሬን ብቻ መርገጥህን ከቀጠልክ፣ ከገዛኸው ነገር አብዛኛውን አልተጠቀምክበትም። የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም የፊት ፍሬንን እስከ መጨረሻው ለመጠቀም ድፍረት መስጠቱ ነው።

ልምምዱን እንዲህ ጀምር። ባዶ፣ ደረቅና ንጹህ አስፋልት ፈልግ። ጓንትህም ሄልሜትህም ይኑር። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብለህ እየሄድክ የኋላውን ፍሬን ብቻ በኃይል ርገጥ። ፔዳሉ እግርህ ሥር ትር ትር ሲል ይሰማሃል። እግርህን አታንሳ። እስክትቆም ርገጥ። ይህን ደጋግመው፤ ዓላማው ምቱን እንድትለምደው ነው። የማስተምራቸው ሰዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር ይኸው ነው፦ ትር ትር ሲል የሆነ ነገር የተሰበረ ይመስላቸውና ፍሬኑን ይለቃሉ። ኤቢኤስ ሊረዳቸው በጀመረበት ሰዓት እነሱ ያቆማሉ።

ከዚያ ወደ ፊት ፍሬን እለፍ። በመጀመሪያ ሊቨሩን ሳብ አድርገህ የፊት ሾኩ እስኪሰምጥ ጠብቅ። «ጠብቅ» ስልህ ከግማሽ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ክብደቱ ሲመጣ ሊቨሩን አጥብቅ፣ እያጠበቅክም ሂድ። በጣት አትመንጭቀው፣ ጨምቀው። ፍሪሲዮኑን አብረህ ያዝ። ጉልበቶችህ ታንኩን ይጨብጡ፣ ክርንህ ዕጥፍ ይበል፤ ክንድህን አድርቀህ መሪው ላይ ከተደገፍክ ክብደትህ ሁሉ መሪው ላይ ይወድቃል። ዓይንህ ሩቅ ይይ። የፊት ጎማውን የሚያይ ሰው ወደ ታች ያጎነብሳል፣ ሞተሩም ይዋዥቃል። የኋላውን ፍሬን ለስለስ አድርገህ ጨምርበት። ከቆምክ በኋላ አንደኛ ማርሽ ላይ ሁን፤ ከኋላህ የሚመጣው መኪና እንዳንተ ላይቆም ይችላል።

30ው ሲለመድህ 40፣ ከዚያ 50 አድርገው። ሊቨሩ እንዳይመታ አድርገህ መቆም ስትችል፣ አንድ ሁለቴ ደግሞ ሆን ብለህ እስኪመታ ጨምቀው። የመጀመሪያው እጅህን ያሠለጥነዋል። ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያውን እንድታምነው ያደርግሃል። ኤቢኤስ ስላለ መጨበጥን ልማድ ማድረግ ግን አልመክርም። ቀስ ብሎ የሚጀምርና እያጠበቀ የሚሄድ እጅ በማንኛውም ሞተር ላይ ይጠቅምሃል።

በኋላ ማስገጠም ስለጠየቅከው፣ እርሳው። ቀለበቶቹ፣ ሴንሰሮቹ፣ የሽቦው መስመር፣ የቫልቭ ሳጥኑና ኮምፒውተሩ ለዚያ ሞዴል ክብደትና ጎማ ተብለው የተስተካከሉ ናቸው። ዕቃው ተሟልቶ ቢገኝ እንኳን ድካሙና ወጪው አሁን ከምታተርፈው በላይ ይሄዳል።

ስለ ሞተሩ ጉልበትም አጭር ነገር ልበል። 650ዎቹ እርስ በርስ ብዙም አይራራቁም። ካዋሳኪ ዜድ650 649 ሲሲ ነው፣ መቀመጫው 790 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው። ሱዙኪ ኤስቪ650 645 ሲሲ ሆኖ ሲሊንደሮቹ የቪ ቅርጽ አላቸው። ያማሃ ኤምቲ-07 689 ሲሲ ነው፣ ከታች ጀምሮ ብርቱ ነው። ሦስቱም ከ70 የፈረስ ጉልበት ብዙ አይርቁም። ከ150 ሲሲ ለሚመጣ ሰው ይህ ብዙ ነው፣ ግን ታጋሽ እጅ ላለው አይከብድም። ሐሳብህ ገና ካልጸና 47 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሆንዳ ሲቢ500ኤፍ ንዳውና ከዚያ ወስን። ኔክድ መሆኑ ለጀማሪ ጥሩ ነው፦ ቀጥ ብለህ ትቀመጣለህ፣ መሪው ሰፊ ነው፣ ቆሞ ቢወድቅም የሚሰበር ትልቅ ፕላስቲክ የለውም። ነፋሱ ግን በሰዓት ከ110 በኋላ ደረትህን ይገፋል።

ኤቢኤስ ያለው ሞተር ብዙ መነዳቱ ብቻውን አያስፈራኝ። ልትፈትሽ ስትሄድ ቁልፉን ክፈትና ሰሌዳው ላይ የኤቢኤስን መብራት እይ። መብራት አለበት። ሞተሩ ተንቀሳቅሶ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ፣ ብልሽቱን ለመደበቅ አምፖሉን ያነሳው ወይም የሸፈነው ሰው አለ ብለህ ጠርጥር። በርቶ ከቀረ ፍሬኑ እንደ ተራ ፍሬን ይሠራል እንጂ ኤቢኤሱ የለም። መንስኤው ቀላል ሊሆን ይችላል፦ የደከመ ባትሪ፣ ጭቃ የለበሰች ሴንሰር፣ ጎሚስታው ጎማ ሲፈታ ያጣመመው ቀለበት። የቫልቭ ሳጥኑ ከሆነ ግን ውድ ነው። መብራቱ በትክክል በርቶ ከጠፋ፣ ባለቤቱን አስፈቅደህ የኋላውን ፍሬን በሰዓት 30 ላይ ርገጠውና ምቱን በእግርህ አረጋግጥ።

የፍሬን ዘይቱን በመያዣው መስኮት እይ። አዲስ ዘይት ፈካ ያለ ነው፤ ቡና ከመሰለ የሚቀይረው አጥቷል። ዶት 4 ዘይት አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ይመጥጣል። ደረቅ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውኃ ሲገባበት የሚፈላበት ሙቀት ወደ 155 ይወርዳል፣ ውኃውም የቫልቭ ሳጥኑን ከውስጥ ያዝገዋል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዶት 5 የሚባለውን የሲሊኮን ዘይት እንዳታስገባበት።

ጎማው ላይ ባለአራት አሃዝ ቁጥር ፈልግ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የደረቀ ጎማ እርጥብ አስፋልት አይቆነጥጥም። ልኩም ፋብሪካው ያወጣው ይሁን፤ የፊቱ በነዚህ ሞተሮች ላይ 120/70-17 ነው። ያለ ልኩ የገባ ጎማ የኮምፒውተሩን ስሌት ያዛባል። የቆመ ንጹህ ሞተር ብዙ ጊዜ እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃል፦ ቀለሙ ያበራል፣ ጎማውና ዘይቱ ግን ከፋብሪካ የወጡት ናቸው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ መሪውን ግራና ቀኝ አዙረው፤ መካከል ላይ ቋ የሚል መያዝ ካለው የመሪው ኩሽኔታ አልቋል።

ኤቢኤስ ያለው ሞተር እነዚህን ካለፈ ውሰደው፣ ዘይቱንና ጎማውን በመጀመሪያው ሳምንት አድሰው። የቫልቭ ሳጥኑ የተበላሸ ሆኖ ከተገኘ ሁለቱንም ትተህ ሦስተኛ ፈልግ። የኋላ ፍሬን ለለመደ እግር ኤቢኤስ የሌለው 650 ጥሩ መጀመሪያ አይደለም፣ ምንም ያህል ቢያምር።